የሚያመነታ ፋን

ሙሉ በሙሉ የሞተ ፋን ለኤሌክትሪሺያን ቀላል ሥራ ነው። ፊውዙን ያያል፣ ሪሌውን፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ማብሪያ፣ ያያል፣ ከረንት ሞተሩ ጋ መድረሱን ያያል፣ ብዙም ሳይቆይ መልሱን ያገኛል። ሰው የሚያደክመው ጠዋት ሲነፍስ ቆይቶ ቀትር ላይ ዝም የሚለው፣ መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ብድግ ብሎ የሚነሳው፣ ጋራዥ በር ላይ ሲደርስ ደግሞ ምንም እንዳልነካው የሚሆነው ነው። ባለመኪናው "አሁን እኮ ቆሞ ነበር" ይላል። ባለሙያው ያበራዋል፣ ይነፍሳል። ያጠፋዋል፣ ደግሞ ያበራዋል፣ አሁንም ይነፍሳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቃል ሁሌም አንድ ነው፦ "ሬዚስተሩ ይሆናል፣ ግዛና እንሞክረው።"

ይህን የምጽፈው "ግዛና እንሞክረው" ለሚባለው ሰው ነው። የሚያወጣው ገንዘብ ያሳዝነኛል። ከገንዘቡ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን መኪናው በሽታውን በየቀኑ እያሳየ ቆሞ የሚጠይቀው ሰው ማጣቱ ነው።

የማወራው ስለ ራዲያተሩ ፋን አይደለም። ከክሩስኮቱ (ከዳሽቦርዱ) ስር ተደብቆ፣ አየር ከውጭ ወይም ከጋቢናው ስቦ፣ ኢቫፖሬተር በሚባለው የኤሲው ቀዝቃዛ ክፍል አሳልፎ ወደ ፊታችን ስለሚገፋው ነው። ደጋ አገር ይህ ፋን ቢቆም መስኮት ዝቅ ይደረግና ኑሮ ይቀጥላል። ድሬዳዋ ላይ፣ ግንቦትና ሰኔ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ፣ መስኮት መክፈት የጋለ አየር በፊት መቀበል ነው። በእኛ ከተማ ሰው ቀትር ላይ ሽርጡን ታጥቆ ጥላ ስር የሚቀመጠው ወዶ አይደለም። እናቴ ሐረር ሐኪም ቤት ክትትል አላት፤ ከሐረር መልስ የደንገጎን ጠመዝማዛ ወርደን ሙቀቱ ሲቀበለን፣ የእሷ ትንፋሽ ሲያጥር ስሰማ፣ ያ ፋን ለእኔ ከፍሬን ያላነሰ ጉዳይ ነበር።

ደንገጎ ላይ ያየሁት ነገር ነው ለምርመራው የመጀመሪያውን ፍንጭ የሰጠኝ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። በ1902 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ የመጣው ባቡር ወደ ሐረር መውጣቱ ቀርቶ እዚሁ ተራራው ግርጌ ላይ ቆመና ከተማዋ ተቆረቆረች። ሐዲዱን ያስቆመውን ያንን ዳገት በመኪና ስትወጣ አየሩ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። የእኔ መኪና ፋን ሐረማያ ላይ ሳለሁ ጤነኛ ነው፤ አወዳይን አልፌ ሐረር እስክገባም ጤነኛ ነው። ተመልሼ ድሬ ስገባና ሞተሩም ክሩስኮቱም ሲግሉ ማመንታት ይጀምራል። መንገዱ ላይማ ንቅናቄ አለ፣ ጉድጓድ አለ፤ ታዲያ ዋናው ነገር ንቅናቄ ብቻ ቢሆን ደጋው ላይም ይቆም ነበር። ስለዚህ ሙቀት አለበት አልኩ። በሙቀት የሚብስ የኤሌክትሪክ በሽታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የመገናኛ በሽታ ነው፦ ሶኬት፣ ማሳ (ከረንቱ በመኪናው አካል በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት)፣ የሪሌ ኮንታክት፣ ወይም ሞተሩ ውስጥ ከረንቱን ወደሚዞረው ክፍል የሚያሻግረው ካርቦን።

የፋኑ አሠራር ከገባን በኋላ ቀሪው ሁሉ ራሱን ያወጣል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ቁጥር ያለው መምረጫ ባላቸው አሮጌ መኪኖች፣ ማለትም 1፣ 2፣ 3፣ 4 እያልን በእጅ በምናዞራቸው፣ ሞተሩ አንድ ነው፣ ከረንቱ ነው የሚለያየው። አየሩ በሚያልፍበት ቱቦ ውስጥ፣ ሬዚስተር የሚባል እቃ ተቀምጧል፤ እንደ ምድጃ ሽቦ የተጠማዘዙ ሽቦዎች ናቸው። 1ኛ ላይ ከረንቱ በሁሉም ሽቦዎች ያልፍና ብዙ ጉልበቱን እዚያ ትቶ ሞተሩ ጋ ተዳክሞ ይደርሳል። 2ኛና 3ኛ ላይ የሚያልፍባቸው ሽቦዎች ይቀንሳሉ። 4ኛ ላይ ሬዚስተሩን ጨርሶ ዘሎ ይሄዳል። ሬዚስተሩ ቱቦው ውስጥ የተቀመጠው ሥራው ራሱ መጋል ስለሆነና የሚያበርደው ያው ፋኑ የሚነፍሰው አየር ስለሆነ ነው። አብሮት አንዲት ትንሽ የሙቀት ፊውዝ አለች፤ አየሩ ቀርቶ ሽቦው ከልክ በላይ ሲግል ትቆርጣለች።

ከዚህ ብቻ ብዙ ነገር ይታወቃል። 4ኛው ይሠራል፣ 1 እስከ 3 ግን ሞተዋል የሚል ሰው ካለ የሬዚስተሩ የሙቀት ፊውዝ ተቆርጣለች ማለት ይቻላል። ከመሀል አንዱ ቁጥር ብቻ ከጠፋ የዚያ ቁጥር ሽቦ ወይም የመምረጫው ኮንታክት ነው። ሁሉም ቁጥሮች አብረው የሚቆሙና አብረው የሚመለሱ ከሆነ ግን ሬዚስተሩን መግዛት ብር መጣል ነው፤ 4ኛው በሬዚስተሩ በኩል አያልፍምና። ያኔ የሚፈለገው ሁሉም ቁጥሮች የሚጋሩት ነገር ነው፦ ፊውዙ፣ ሪሌው፣ ሞተሩ፣ የሞተሩ ሶኬት፣ ወደ ማሳ የሚመለሰው መስመር። ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ካቻቢቴ እንኳ አያስፈልግም። ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አራቱንም ቁጥሮች መሞከርና ማስተዋል ይበቃል። ሰው ይህን ሳያደርግ ሱቅ ሲሄድ ሳይ እንቅልፍ ይነሳኛል።

የእኔው መኪና ሁሉም ቁጥሮች ላይ ነበር የሚያመነታው። በተለይ 4ኛ ላይ ይብስበታል። 1ኛ ላይ እያለ ብዙም አይታወቅም፣ ቀስ ብሎ ይነፍሳል፣ ችግር ያለበት አይመስልም። 4ኛ ስታደርገው ጮክ ብሎ ይነሳል፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ድምፁ ይወርዳል፣ ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዴ ጨርሶ ይቆማል። ከዚያ የድሮውን ሐዲድ ስትሻገር በንቅናቄው ይመለሳል።

ብዙ ሰው "ከፍተኛው ላይ ስለሚያስቸግር ሞተሩ ደክሟል" ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። እውነት ሊሆን ይችላል፣ ግን አንድ ደረጃ ተዘሏል። መጥፎ መገናኛ ትንሽ ከረንት ሲያልፍበት ዝም ይላል። ብዙ ሲያልፍበት ነው የሚጋለጠው። የተበላ ኮንታክት ከረንቱን የሚያግድበት መጠን 0.2 ኦም ቢሆን፣ 5 አምፔር ሲያልፍበት የሚበላው 1 ቮልት ነው፤ ማን ያውቀዋል? 18 አምፔር ሲያልፍ ግን ወደ 3.6 ቮልት ይወስዳል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ይራባል። ስለዚህ 4ኛ ላይ መባሱ ሞተሩንም መስመሩንም እኩል የሚያስጠረጥር ምልክት ነው። የሚለየው መለካት ብቻ ነው።

መለካቱ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ሰው የሞተሩን ሶኬት ይነቅላል፣ ቴስተሩን፣ ማለትም ቮልት መለኪያውን፣ ሶኬቱ ውስጥ ይሰካል፣ 12 ቮልት ያያል፣ "ከረንት አለ፣ ሞተሩ ነው" ይላል። አሥር ክር ያለው ሽቦ ዘጠኙ ተበጥሶ በአንዱ ክር ቢንጠለጠልም ቴስተሩ 12 ቮልት ያሳያል። ቴስተር የሚጠጣው ከረንት ከምንም አይቆጠርም፤ አንዷ ክር ለእሱ ትበቃዋለች። ለሞተሩ ግን አትበቃውም። በኦም መለካትም እንደዚያው ነው፣ ዜሮ ያሳይህና ያሳስትሃል። ከሳቢያን ሰፈር ማዶ አንድ ሽማግሌ ኤሌክትሪሺያን አለ፤ እጁን ያፍታታው ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ነው፣ ያኔ የባቡሩን ሞተር የሚያክል ነገር ፈትቶ የሚገጥም ሰው። ቴስተር ይዞ ሶኬት ሲነቅል ያየውን ወጣት ሁሉ "አቦ፣ ሳይሠራ የለካኸው ምን ይነግርሃል? ሥራ ላይ እያለ ያዘው" ይለዋል። ቃል በቃል የያዝኩት ይህንኑ ነው።

ሥራ ላይ መያዝ ማለት ሶኬቱ ሳይነቀል፣ ፋኑ እየዞረ፣ የእያንዳንዱን ክፍል ቮልት መለካት ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሞተሩ ፖዘቲቭ ስንት ቮልት ጠፋ? ሞተሩ ራሱ ስንት ያገኛል? ከሞተሩ ኔጋቲቭ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ስንት ጠፋ? ሦስቱ ሲደመሩ ባትሪው ላይ ያለውን መስጠት አለባቸው። ቮልት የትም አይሰወርም፤ ሞተሩ ያላገኘው መስመር ላይ ያለ አንድ ነገር በልቶታል ማለት ነው።

የእኔ ፋን ግን ቆሜ ስለካው አይያዝም፤ ጤነኛ ይሆናል። ስለዚህ ከሞተሩ ሶኬት ጀርባ ሁለት ቀጫጭን ረጅም ሽቦዎች አስገባሁ፣ ሌሎች ሁለት ከባትሪው አመጣሁ፣ ሁሉንም በበሩ ጥግ አሳልፌ ወደ ወንበሩ ሳብኳቸው፣ እንዳይነካኩም ጫፎቻቸውን በናስትሮ ለየኋቸው። ከባትሪው ፖዘቲቭ በመጣው ላይ አንድ ትንሽ ፊውዝ ገባ፤ እንዲህ ያለ ሽቦ ያለ ፊውዝ ጋቢና ውስጥ መጎተት ለጸጸት ነው። የእህቴን ልጅ ቴስተሩን ጭኑ ላይ አስይዤ፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ፣ ከሳቢያን ወደ ከዚራ ሰፈር ወጣን። ሸሚዛችን ጀርባችን ላይ ተለጥፏል፣ ፋኑ በ4ኛ ይጮኻል፣ ልጁ "አሥራ ሁለት ከዘጠኝ፣ አሥራ ሁለት ከዘጠኝ" እያለ ያነብልኛል። ከዚራ ዛፎቹ ስር ስንደርስ የፋኑ ድምፅ ተሰበረ።

"ወረደ! አሥራ አንድ... አሥር... ዘጠኝ ከስድስት!"

ጥግ ያዝኩና ሞተሩን ሳላጠፋ ቆምኩ። እጄ እየተጣደፈ ነበር፣ ሊያመልጠኝ ነው ብዬ። ባትሪው ላይ 13.8 ቮልት አለ። ሞተሩ የሚያገኘው 9.6 ነው። የፖዘቲቩ መስመር 0.4 ብቻ ነው የበላው። የኔጋቲቩ መስመር 3.8። በሽታው ከሞተሩ እስከ ማሳ ባለው መንገድ ላይ ነው ማለት ነው። በብዙ የጃፓን መኪኖች ሪሌው ፖዘቲቩን ለሞተሩ በቀጥታ ይሰጥና፣ ሬዚስተሩና የፍጥነት መምረጫው የሚቀመጡት በማሳው በኩል ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ፊውዝና ሪሌ ሲለዋውጥ ይከርማል፤ ሁለቱም በዚያኛው ጎን ናቸውና።

የቀረው ቴስተሩን በዚያው መንገድ ላይ ደረጃ በደረጃ ማስጠጋት ነበር። የሬዚስተሩ ሶኬት ንጹሕ ነው። መኪናው አካል ላይ የታሰረው የማሳ ብሎን ንጹሕ ነው። ከኤሲው መቆጣጠሪያ ጀርባ፣ የፍጥነት መምረጫው ላይ በተሰካው ሶኬት ላይ ስንደርስ ቁጥሩ ሁሉ እዚያ ተገኘ። ስናወጣው ከሌሎቹ ሁሉ ወፍራም የሆነው ሽቦ የሚገባበት ቀዳዳ ቡናማ ሆኗል፣ ነጩ ፕላስቲክ ተጎሳቁሎ ወደ አንድ ጎን አብጧል፣ ውስጥ ያለው የብረት መያዣ ልጥጥ ብሎ ተከፍቷል። ሽቦው ራሱ ከጫፉ ወደ ውስጥ አንድ ጣት ያህል ደርቆ እንደ ስንደዶ ይሰበራል። በዚያች ነጥብ ላይ 3.8 ቮልት በ18 አምፔር ሲባዛ ወደ 68 ዋት ነው። ስታኞ የምናቀልጥበት ብረት ከ40 እስከ 60 ዋት ነው ያለው። ይህን ሁሉ ሙቀት የያዘችው የጣት ጥፍር የምታክል ብረት ናት፣ ዙሪያዋም ፕላስቲክ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደሰትና ሥራውን ይዘጋል። ሶኬቱ ተቃጥሏል፣ ሶኬቱን ቀይረናል፣ አበቃ። ለእኔ ግን የጉዳዩ ልብ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ያ ሶኬት ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቷል። ለምን አሁን ተቃጠለ? ዕድሜ ብቻውን ሊሆን ይችላል፤ መያዣው በሙቀትና በቅዝቃዜ ሲላላ፣ መላላቱ ሙቀት ሲያመጣ፣ ሙቀቱ ደግሞ የበለጠ ሲያላላው። ግን ከሚገባው በላይ ከረንት እያለፈበትም ሊሆን ይችላል፤ ያን ከረንት የሚጠራው ደግሞ ሞተሩ ነው። የተቃጠለ እቃ ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ በሌላ እዳ የሚከፍል ነው።

ስለዚህ ሶኬቱን ከጠገንን በኋላ፣ ማለትም ጫፉን በአዲስ መያዣ ጨምቀን፣ የደረቀውን ሽቦ ቆርጠን በተመሳሳይ ውፍረት ተክተን ከጨረስን በኋላ፣ ከሽማግሌው ያንን ሽቦን እንደ ፒንሳ እየቆነጠጠ አምፔር የሚያነበውን መለኪያ ተዋስኩ። አሁን ሞተሩ ሙሉ ቮልቱን ያገኛል። 4ኛ ላይ 24 አምፔር ይስባል። ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይደለም፣ ከምን ጋር እናወዳድረው? ጎረቤቴ ተመሳሳይ መኪና አለው፣ ፋኑም ጤነኛ ነው። የእሱ 16 ሆነ። የእኔ ሞተር ከጤነኛው አንድ ተኩል እጥፍ ይበላል። ሶኬቱን ያቃጠለው ተገኘ።

ሞተሩ ከተሳፋሪው ፊት ካለው የወረቀት ሳጥን ስር ነው፤ ብሎኖቹ ሲፈቱ ወደ እግር ማሳረፊያው ይወርዳል። ወርዶ ሳየው አዘንኩለት። አየሩን የሚቀዝፈው ክብ ጎማ፣ ያ ዙሪያውን ቀጫጭን ክንፎች ያሉት፣ ግማሹ በኒም ቅጠል ተጠቅጥቋል። ከዚራ ጥላ ስር የሚያቆም ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ የኒም ቅጠል ጠባብና ቀጭን ናት፣ በመስታወቱ ስር ባለው ወንፊት ትሾልካለች፣ መንገዷ ደግሞ በቀጥታ ወደ ፋኑ ነው። ቅጠሉ ላይ የድሬ አቧራ ተጋግሮ፣ በአንድ ወገን ብቻ ከብዶ፣ ጎማውን ሚዛን አስቶታል። ሚዛን የሳተ ጎማ በደቂቃ በሺህ ሲዞር ቦኮላውን፣ ዘንጉ የሚዞርበትን ቀለበት፣ ይበላዋል። ዘንጉን በጣቴ ሳነቃንቀው ይጫወታል፣ ሳዞረው ይከብዳል፣ ለቅቄው ወዲያው ይቆማል። ጤነኛ ሞተር በጣት ገፋ ሲያደርጉት ጥቂት ይዞራል። ካርቦኖቹም አጥረዋል፣ የሚያርፉበት የመዳብ ክብም ጠቁሯል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት ላርም። "ቅጠልና አቧራ አየሩን ስለዘጉ ሞተሩ ጭነት በዝቶበት ነው ብዙ የሚስበው" ይባላል። እንዲህ ያለ ፋን አየሩ ሲዘጋበት ጭነቱ ይቀንስለታል እንጂ አይጨምርም፤ የሚገፋው አየር ስለሌለው በፍጥነት ይዞራል፣ ድምፁም ቀጥኖ ይወጣል፣ የሚስበው አምፔርም ይወርዳል። የቤት ውስጥ የአቧራ መጥረጊያ ማሽን አፉን በእጅ ሲከድኑት ድምፁ የሚወጣው ለዚህ ነው። አምፔር የሚጨምረው ዘንጉ ሲከብድ ነው። መዘጋቱ ጉዳት የለውም ማለቴ አይደለም፤ ሬዚስተሩን የሚያበርደው አየር ይቀንሳል፣ ሞተሩም ራሱ ይግላል። በ1ኛና በ2ኛ እየነዳ አቧራ የሞላው የአየር ፊልተር የያዘ መኪና ሬዚስተር በተደጋጋሚ ቢያቃጥል አይገርመኝም። ፊልተር ያለው መኪና ካላችሁ ክፈቱና እዩት። የብዙዎቹ ቀለሙ አይለይም፣ የአንዳንዶቹ ደግሞ ቦታው ባዶ ነው።

ቦኮላውን ዘይት ጠብ ማድረግ ለጊዜው ያስታግሳል፤ ግን ከተጫወተ በኋላ ዘይት አያድነውም። አዲስ ኦሪጅናል ማግኘት ከባድ ስለሆነ ያገለገለ ሞተር ፈለግኩ። ያገለገለ እቃ መግዛት ነውር የለውም፣ ሳይለኩ መግዛት ግን ዕጣ መጣል ነው። ባትሪና ያንኑ አምፔር መለኪያ ይዤ ሄድኩ። ሻጩ መጀመሪያ ግር አለው፣ ቆይቶ እሱም ማየት ፈለገ። ሁለት ሞተሮች አውጥቶ ጎን ለጎን ሞከርናቸው። ሞተር ከቤቱ ወጥቶ ሲለካ የሚሰጠው ቁጥር መኪና ውስጥ ከሚሰጠው ይለያል፣ ስለዚህ ቁጥሩን ከመኪናዬ ጋር አላወዳደርኩም፣ አንዱን ከሌላው ጋር እንጂ። ያነሰ የሚስበውን፣ ዘንጉ የማይጫወተውን፣ ሲጠፋ ድንገት ሳይሆን ቀስ ብሎ የሚቆመውን ወሰድኩ። መኪናዬ ውስጥ ገብቶ 4ኛ ላይ 17 አምፔር ሳበ። ሶኬቱን ከረጅም ጉዞ በኋላ በእጄ ዳሰስኩት፣ ለብ እንኳ አላለም።

አሁን ስለ አንድ በጣም ስለሚያስቆጣኝ ነገር ልናገር። የሬዚስተሯ የሙቀት ፊውዝ ስትቆረጥ በአንድ ዘለላ ሽቦ የሚያገናኙ ሰዎች አሉ። ወዲያው ይሠራል፣ ደንበኛውም አመስግኖ ይሄዳል። ያቺ ፊውዝ የተቀመጠችው ፋኑ ተጣብቆ ቢቆምና አየር ቢቀር፣ ከቀላ ሽቦ አጠገብ ያለው ፕላስቲክ እንዳይቃጠል ነው። ፋኑ በደከመ ቦኮላ ከመቆም የማይመለስበት አሮጌ መኪና ላይ እሷን ማለፍ ክሩስኮት ስር እሳት አዘጋጅቶ መተው ነው። የ30 አምፔር ፊውዝ ደጋግሞ ሲቃጠል 40 መሰካትም እንደዚያው። ሽቦው ለ30 ነው የተሰላው፤ ከዚያ በኋላ ፊውዙ ሳይሆን ሽቦው ነው የሚቃጠለው። ኋላ ወንበር ላይ ሕፃን ይቀመጣል። ለጥቂት ብር እቃ ይህን የሚያደርግ ባለሙያ ሙያውን አያውቅም፣ ወይም ሰው አይወድም።

አውቶማቲክ ኤሲ ያላቸው፣ ዲግሪ የሚሞላባቸው መኪኖች ነገራቸው በከፊል ይለያል። በእነሱ የፋኑን ፍጥነት የሚወስነው የሽቦ ሬዚስተር ሳይሆን ትራንዚስተር የያዘ መቆጣጠሪያ ነው፤ እሱም የአሉሚኒየም ክንፍ ለብሶ ቱቦው ውስጥ ይቀመጣል፣ እንደዚያኛው በአየር ይበርዳል። እሱ ሲበላሽ ፋኑ በራሱ ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ቁልፉ ከወጣ በኋላ ሳይቆም ባትሪ ይጨርሳል። ግን መቆጣጠሪያውን ከመንካታችሁ በፊት አውቶማቲኩን አጥፍታችሁ ፍጥነቱን በእጅ ምረጡ። በእጅ ሲሆን ጸንቶ ከነፈሰ፣ ሞተሩም መቆጣጠሪያውም ደህና ናቸው፤ የሚዋሸው ሴንሰር ነው። ክሩስኮቱ ላይ ወንፊት መሳይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፣ ከጀርባዋ የጋቢናውን ሙቀት የሚለካ ሴንሰር አለ፣ አየር በቀጭን ቱቦ ይሳብለታል፤ በአቧራ ስትደፈን ሙቀቱን አሳስታ ታነባለች። መስታወቱ ስር ያለችው የፀሐይ ሴንሰር ደግሞ የእኛ አገር ልዩ ጠላት አላት፦ ክሩስኮት ላይ የምናነጥፈው ጌጠኛ ጨርቅ። ጨርቁ ሲከድናት መኪናው ፀሐይ የለም ብሎ ፋኑን ይቀንሳል፣ መንገዱ ጨርቁን ሲያንሸራትተው ደግሞ ይጨምራል።

አንድ ሌላም አለ፣ ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ ሾፌሮች የሚያጋጥማቸው። የፋኑ ድምፅ አይለወጥም፣ አየሩ ግን እየሳሳ ሄዶ ይጠፋል። ኤሲውን አጥፍተህ ፋኑን ብቻ ትተህ ጥቂት ስትነዳ አየሩ ይመለሳል፣ ከመኪናው ስርም ውሃ ይንጠባጠባል። ይህ የኤሌክትሪክ ጉዳይ አይደለም፤ በባሕሩ እርጥብ አየር ኢቫፖሬተሩ በረዶ ጋግሮ ነው። ጋዝ ማነስ፣ የኢቫፖሬተሩ ሴንሰር፣ ወይም ያው የተዘጋ ፊልተር ሊሆን ይችላል። ድምፅና ነፋስ ለየብቻ መታየት አለባቸው፤ "ፋኑ ደከመ" የሚለው አቤቱታ ሁለቱን ያደባልቃል።

ከድሬ ሐረር የሚሠራ አንድ የሚኒባስ ሾፌር ወዳጅ አለኝ። ሐረር ውስጥ ዛሬም ከሚሽከረከሩት፣ ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲመረቱ ከነበሩት ፔጆ 404 ታክሲዎች ጋር ሲነጻጸር የእሱ መኪና ሕፃን ናት፣ ግን ሬዚስተር ስትበላ ኖራለች። በየጊዜው ይገዛላታል፣ በየጊዜው 1 እስከ 3 ይሞታሉ፣ 4ኛው ብቻ ይቀራል። የመጨረሻው የሰነበተው ከበፊተኛው ያነሰ ነው። "ኮፒ እቃ ስለሆነ ነው" ይላል። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ባለፈው ቁልፉን ሲያጠፋ ፋኑን አዳምጬ ነበር፤ ሳይንሳፈፍ ክርር ብሎ በአንዴ ቆመ። አጎንብሼ ስር ስር ሳይም የሞተሩ ሶኬት ጠርዙ ቢጫ መሆን ጀምሯል።

አዲሱን ሬዚስተር ገዝቶ ኪሱ ውስጥ ይዞት ነበር። እንዳይገጥመው ለመንኩት። ቅዳሜ ተራ ከወጣ በኋላ ሞተሩን እናወርዳለን፣ ከማውረዳችን በፊትም 4ኛ ላይ ስንት አምፔር እንደሚስብ ይለካል። መለኪያውን ሽማግሌው ለእሱም ያውሰናል፣ ጠይቄዋለሁ።